መታወቂያው እውነተኛ ነው፤ የያዘው ሰው ግን ማን ነው?



እንደሚታወቀው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእስራኤል አብዛኛው ጉዳይ ከቢሮ መስኮት ወደ ስልክ ተዛውሯል። ቀደም ሲል ባንክ ሄደን፣ የተራ ቁጥር ይዘን፣ ከፕኪዳዋ ፊት ተቀምጠን እንጨርሰው የነበረው ጉዳይ ዛሬ በስልክ አፕሊኬሽን ይሠራል። የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ፣ የቢቱዋህ ሌኡሚ ቅጽ፣ የአርኖና ክፍያ፣ የልጆች ትምህርት ቤት መልእክት ሳይቀር የሚመጣውና የሚሄደው በኢንተርኔት ነው። በማህበረሰባችን ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በብዙ ቤት የአባትና የእናት የባንክ ሂሳብ የሚከፈተው በልጅ ወይም በልጅ ልጅ እጅ ነው። ቅርንጫፉ ሲዘጋና ፕኪዳዋ ስትቀር፣ የሚቀረው ስልኩ ነው።

ታዲያ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ እናንሳ። ስልካችን ከባንካችን ጋር ሲገናኝ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው በእርግጥ ባንካችን መሆኑን በምን ያውቃል?

መልሱ የተንጠለጠለው በአንዲት አጭር ሥራ ላይ ነው። ይህች ሥራ ስም ማመሳከር ናት። ባለፉት ዓመታት በዓለም በታወቁ ባንኮች፣ የክፍያ ድርጅቶችና የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ሶፍትዌር ውስጥ ይህች ሥራ ተዘልላ ወይም በተሳሳተ መንገድ ተሠርታ ተገኝታለች። የዛሬው ጽሑፋችን ጉድለቱ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚደጋገምና ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ይመረምራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍተሻው እንዴት ይካሄዳል?

ከስልካችን የሚነሳ መልእክት ባንኩ ጋ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። በመጀመሪያ በቤታችን ወይም በካፌው የዋይፋይ ሳጥን፣ ቀጥሎ በኢንተርኔት ኩባንያው መስመር፣ ከዚያም በሌሎች ኮምፒዩተሮች በኩል ይጓዛል። በመንገዱ ላይ ያለ ሰው እንዳያነበው መልእክቱ በምስጢር ኮድ ይቆለፋል። ይህን ዘዴ በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ኔትስኬፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ስሙም ኤስ.ኤስ.ኤል ይባል ነበር። በ1999 ቲ.ኤል.ኤስ የተባለው ተተኪው ወጣ፤ ዛሬ የምንጠቀመውም የእርሱን አዳዲስ እትሞች ነው።

ነገር ግን መቆለፍ ብቻውን አይበቃም። ገንዘባችንን በሚገባ ቆልፈን ሣጥኑን ከነቁልፉ ለሌባ ብናስረክበው ምን ይጠቅመናል? ስለዚህ ስልኩ ምስጢር ከመናገሩ በፊት በወዲያኛው ጫፍ ያለውን ኮምፒዩተር «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ኮምፒዩተሩም ሰርቲፊኬት የሚባል የምስክር ወረቀት ያሳያል።

ይህን ሰርቲፊኬት ሁላችንም ከምንይዘው መታወቂያ፣ ከተዑዳት ዜሁት ጋር ብናመሳስለው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። መታወቂያ የሚመረምር ጥንቁቅ ሠራተኛ ሦስት ነገር ይመለከታል። አንደኛ፣ ወረቀቱን የሰጠው ሕጋዊው መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ሚስራድ ሃፕኒም መሆኑን ያያል። ሁለተኛ፣ ጊዜው ያላለፈበትና ያልተሰረዘ መሆኑን ያረጋግጣል። ሦስተኛ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ፎቶ ከፊቱ የቆመው ሰው ስምና ፎቶ መሆኑን ያመሳክራል። ስልኩም ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው። ሰርቲፊኬቱን የሰጠው የታወቀ ድርጅት መሆኑን፣ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን፣ በመጨረሻም በሰርቲፊኬቱ ላይ የተጻፈው የድረ ገጽ ስም እኛ ልንገናኘው ከፈለግነው ስም ጋር አንድ መሆኑን ያጣራል።

ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ሠራተኛው ሁለቱን ፍተሻዎች አድርጎ ስሙን ሳያይ «እለፍ» ቢል፣ የራሱ እውነተኛ መታወቂያ ያለው ሁሉ በሌላ ሰው ስም ሊገባ ይችላል። በኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። የራሱ ድረ ገጽ ያለው ማንም ሰው ለዚያ ድረ ገጽ እውነተኛ ሰርቲፊኬት ማውጣት ይችላል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ ይሰጣል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ለብዙ ድረ ገጾች ጥበቃ ሰጥቷል። ጥፋቱ የሚመጣው ሌባው በራሱ ድረ ገጽ ስም ያወጣውን ሰርቲፊኬት ሲያሳይ፣ የባንኩ አፕሊኬሽን «ይህ የባንኩ ስም አይደለም» ብሎ ካልመለሰው ነው።

ሌባው ይህን ለማድረግ በመንገዱ ላይ መቀመጥ አለበት። ለምሳሌ እኛ በምንጠቀምበት የካፌ ዋይፋይ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወይም «ነጻ ኢንተርኔት» ብሎ የራሱን ዋይፋይ ሊዘረጋ ይችላል። ከዚያ ለእኛ ባንኩን፣ ለባንኩ ደግሞ እኛን መስሎ በመካከል ይቆማል። የይለፍ ቃሉ በእርሱ እጅ ያልፋል። ስልኩ ላይ ግን ምንም ምልክት አይታይም፤ የባንኩ ሥዕልም፣ የሂሳቡም ቁጥር እንደ ወትሮው ነው።

«አዎ» የሚለው ቃል ያመጣው ጣጣ

በ2012 በአሜሪካ የቴክሳስ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ከእነርሱም መካከል በእስራኤል የተወለዱት ፕሮፌሰር ዳን ቦኔ ይገኙበታል። ለጥናቱ የሰጡት ርዕስ በአማርኛ «በዓለም ላይ ከሁሉ አደገኛው ኮድ» እንደ ማለት ነው። ርዕሱ የተጋነነ ቢመስልም ያገኙት ነገር ቀላል አልነበረም። ከብራውዘር ውጭ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን መርምረው፣ ብዙዎቹ ሰርቲፊኬትን በትክክል እንደማያጣሩ አሳዩ። ከእነዚህም ውስጥ አማዞንና ፔይፓል ለነጋዴዎች ያዘጋጁት የክፍያ ፕሮግራም፣ ለኢንተርኔት ሱቅ የሚያገለግሉ የታወቁ ሶፍትዌሮች፣ እንዲሁም ቼዝ የተባለው የአሜሪካ ታላቅ ባንክ የአንድሮይድ አፕሊኬሽን ይገኙበታል።

ከጥናቱ ውስጥ አንዱ ምሳሌ ልብ ሊባል ይገባል። ከርል የሚባል፣ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች ለኢንተርኔት ግንኙነት የሚጠቀሙበት የፕሮግራም ስብስብ አለ። በውስጡ ስምን ስለ ማመሳከር የሚወስን አንድ መቼት ነበር። መቼቱ ሦስት ቁጥር ይቀበላል። 0 ከሆነ ስሙን አይመለከትም። 2 ከሆነ ስሙን በሚገባ ያመሳክራል። 1 ከሆነ ግን በሰርቲፊኬቱ ላይ አንድ ስም መጻፉን ብቻ ያያል፤ የማን ስም እንደሆነ አይጠይቅም።

የፕሮግራም ባለሙያዎች ነገሩ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልበት መሰላቸው። ጥንቃቄ ለማድረግ አስበው «አዎ፣ አጣራ» ብለው ጻፉ። ኮምፒዩተር ደግሞ «አዎ» የሚለውን 1 ብሎ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ለጥንቃቄ ብለው የጻፉት ቃል ጥንቃቄውን አጠፋው። የሚያሳዝነው መቼቱን ጨርሶ ባይነኩት ኖሮ ከመነሻው 2 ላይ ነበር። የከርል አዘጋጆች በኅዳር ወር 2012 ባወጡት እትም ቁጥር 1 በዚያ ቦታ እንዳይሠራ አደረጉ። ሆኖም አሮጌውን እትም ይዘው የቀሩት ፕሮግራሞች ጉድለቱን ይዘው ቀሩ።

በዚያው በ2012 በጀርመን የሃኖቨርና የማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 13,500 ነጻ የአንድሮይድ አፕሊኬሽኖችን መረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ 1,074 የሚሆኑት ሰርቲፊኬትን በአደገኛ መንገድ የሚቀበል ኮድ እንደያዙ አገኙ። ማለት ከመቶ 8 ያህሉ ናቸው። ከዚያ 100 መርጠው በእጃቸው ሲፈትሹ በ41ዱ ላይ በመካከል ገብቶ መስረቅ ተቻላቸው፤ የባንክ፣ የክሬዲት ካርድና የኢሜይል የይለፍ ቃሎችን ሁሉ መያዝ ችለዋል። አንዳንዶቹ የማንንም ሰርቲፊኬት የሚቀበሉ ነበሩ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሰጪውን እያዩ ስሙን የማያዩ ነበሩ።

ለባንኮች ከሁሉ የከበደው ምሳሌ

«ያ የድሮ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተምረዋል» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ነገር ግን በ2017 መጨረሻ በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡትን ማየት ያስፈልጋል። 400 የሚሆኑ ከፍተኛ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸውን አፕሊኬሽኖች ፈትሸው፣ እንደ ኤች.ኤስ.ቢ.ሲ እና ናትዌስት ባሉ ታላላቅ ባንኮች አፕሊኬሽን ውስጥ የስም ማመሳከር ጉድለት አገኙ። የእነዚህ አፕሊኬሽኖች ተጠቃሚዎች በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ነበሩ።

እነዚህ ባንኮች ቸልተኞች ስለሆኑ ነውን? አይደለም። ይልቁንም ከሌላው የበለጠ ለመጠንቀቅ አስበው ነበር። ዘዴው እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሰርቲፊኬት ሰጪ ድርጅቶች አሉ። ባንኮቹ «የእኛ አፕሊኬሽን የሚያምነው አንዱን ሰጪ ብቻ ነው፤ ሌላው የሰጠውን አይቀበልም» ብለው አጠበቁት። በእኛ ምሳሌ ብንወስደው፣ በበሩ ላይ ያለው ዘበኛ «ከናታንያ ቢሮ የወጣ መታወቂያ ብቻ አሳዩኝ» እንደ ማለት ነው። ይህ ጥብቅ ይመስላል። ዳሩ ግን ዘበኛው ስሙን የማያይ ከሆነ፣ ሌባው ናታንያ ሄዶ በራሱ ስም መታወቂያ አውጥቶ መምጣት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ከዚህም የባሰው፣ ይህ ተጨማሪ ጥበቃ ጉድለቱን ከመርማሪዎች ዓይን ሰውሮት ነበር። የተለመደው ምርመራ አንድ ሌላ ሰርቲፊኬት አቅርቦ አፕሊኬሽኑ ይቀበለው እንደሆነ ማየት ነው። የባንኩ አፕሊኬሽን ግን የሌላ ሰጪ ሰርቲፊኬት ስለማይቀበል ፈተናውን «አለፈ»። ስሙን እንደማያይ የታወቀው ተመራማሪዎቹ ከዚያው ከታመነው ሰጪ የወጣ፣ ግን በሌላ ስም ያለ ሰርቲፊኬት የሚያቀርብ መሣሪያ ከሠሩ በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ ከባንኮቹና ከእንግሊዝ መንግሥት የሳይበር ጥበቃ ማዕከል ጋር ሆነው ጉድለቱ እንዲታረም ካደረጉ በኋላ ውጤቱን ይፋ አድርገዋል።

ከእስራኤል የተነሳው ታሪክ

ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስለን ወደ አገራችን እንመለስ። ሱፐርፊሽ የሚባል በ2006 በእስራኤል የተመሠረተ የማስታወቂያ ሶፍትዌር ኩባንያ ነበር። ሌኖቮ የተባለው የቻይና ኮምፒዩተር አምራች ከ2014 መስከረም ጀምሮ የሱፐርፊሽን ፕሮግራም በአንዳንድ ላፕቶፖቹ ላይ ጭኖ ሸጠ። ፕሮግራሙ ሰዎች በሚከፍቷቸው ገጾች ላይ ማስታወቂያ ለማስገባት ሲል በብራውዘሩና በድረ ገጹ መካከል ይቆማል። ማለት ሌባ የሚያደርገውን ነገር እርሱ ለንግድ ያደርገው ነበር። ለዚህ የተጠቀመበት መሣሪያ ኮሞዲያ የተባለ ሌላ የእስራኤል ኩባንያ ሥራ ነው።

በመካከል የሚቆም ሰው ቢያንስ ሰርቲፊኬቱን በእኛ ፋንታ በሚገባ ማጣራት ነበረበት። በ2015 የካቲት ወር ፊሊፖ ቫልሶርዳ የተባለ የጥበቃ ባለሙያ ኮሞዲያን ሲመረምር ያገኘው ግን ሌላ ነበር። መሣሪያው የማይታመን ሰርቲፊኬት ሲያጋጥመው በዋናው ስም ላይ «ማጣራት አልተሳካም» የሚል ቃል ይጨምርበታል፤ ይህም ብራውዘሩ የስም ልዩነት አይቶ እንዲያስጠነቅቅ ነው። ነገር ግን አንድ ሰርቲፊኬት ከዋናው ስም ሌላ ተጨማሪ ስሞች ሊኖሩት ይችላሉ። መሣሪያው ተጨማሪ ስሞቹን ሳይነካ ይተዋቸዋል። ስለዚህ ሌባው የባንኩን ስም በተጨማሪ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ካስገባ፣ ብራውዘሩ ስሙን እዚያ አግኝቶ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ይህ ማለት የኮምፒዩተሩ ባለቤት ምንም ሳያጠፋ፣ አዲስ ኮምፒዩተር ስለገዛ ብቻ ለአደጋ ተጋልጦ ነበር። በ2017 ሌኖቮ በአሜሪካ ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ከ32 ክፍለ ግዛቶች ጋር ስምምነት አድርጎ፣ ለክፍለ ግዛቶቹ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

ለምን ይደጋገማል?

በሶፍትዌር ጉድለቶች ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ይህ ዓይነቱ ጉድለት የራሱ ቁጥር አለው፤ 297 ይባላል። ቁጥር ተሰጥቶት የሚመዘገበው በአንድ ድርጅት ብቻ የታየ ስላልሆነ ነው። ምክንያቶቹን በአራት ከፍለን ልናያቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው፣ ጉድለቱ ድምፅ የለውም። በር ባይዘጋ ነፋስ ያሳብቃል። የስም ማመሳከር ሲዘለል ግን አፕሊኬሽኑ ከወትሮው ምንም ሳይለይ ይሠራል። ሌባ እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው።

ሁለተኛው፣ አፕሊኬሽን በሚሠራበት ጊዜ ባለሙያዎች ለሙከራ ያህል ማጣሪያውን ያጠፉታል። የሙከራ ኮምፒዩተራቸው ትክክለኛ ሰርቲፊኬት ስለሌለው ሥራቸውን ይከለክላቸዋል። አጥፍተውት ሥራው ይቀጥላል፤ ጊዜው ሲደርስ መልሰው ማብራቱን ይረሱትና አፕሊኬሽኑ እንዲሁ ለሕዝብ ይወጣል።

ሦስተኛው፣ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ይህን ሥራ ለባለሙያው ጥለውት ነበር። ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል የተባለው በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ስብስብ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ ስም የሚያመሳክር የራሱ ክፍል አልነበረውም። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ሳይጠየቅ በራሱ ማጣራት የጀመረው ከ2014 መጨረሻ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ባለሙያው ራሱ ካላሰበበት ማንም አያስብለትም ነበር።

አራተኛው፣ ስም ማንበብ ራሱ ሥራ ነው። በ2009 ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ዳን ካሚንስኪ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች፣ በስም መካከል የማይታይ የመጨረሻ ምልክት በማስገባት ብራውዘሮችን ማታለል እንደሚቻል አሳዩ። ሰርቲፊኬት ሰጪው ስሙን እስከ መጨረሻው አንብቦ የሌባው የራሱ ድረ ገጽ መሆኑን አይቶ ይሰጠዋል። ብራውዘሩ ግን ምልክቱ ጋ ሲደርስ ስሙ ያለቀ መስሎት ያቆማል፤ ያነበበው ክፍል ደግሞ የባንኩ ስም ነው። ያ ቀዳዳ ተደፍኗል። ሆኖም ስሙ እያለ አነባበቡ ከተሳሳተ ስሙ እንዳልነበረ መሆኑን አስተምሯል።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ ኢንተርኔት አደጋ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ተጠንቀቁ» የሚል ነው። አባቶቻችንም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለዋል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው የሚጠረጥረው የሚያየውን ነው። አፕሊኬሽን ውስጥ ስም አለመመሳከሩን ከሰባ ዓመት አዛውንት ቀርቶ፣ በኮምፒዩተር ትምህርት የተመረቀ ልጃቸውም ከስልኩ ገጽ ላይ ሊያየው አይችልም። የጀርመኖቹ ተመራማሪዎች 754 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ግማሽ ያህሉ ስለ አፕሊኬሽን ሳይሆን ምልክት ስላለው ስለ ብራውዘር እንኳ ግንኙነታቸው የተጠበቀ ይሁን አይሁን በትክክል መለየት አልቻሉም። ምልክት ባለበት ቦታ እንዲህ ከሆነ፣ ምልክት በሌለበት አፕሊኬሽን ላይ ደንበኛውን «ለምን አልተጠነቀቅህም?» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ ይህ ጉድለት የደንበኛ ሳይሆን የሠሪው ዕዳ ነው። ይህንንም አንዳንድ መንግሥታትና ኩባንያዎች ተቀብለውታል። በ2014 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፋንዳንጎ የተባለውን የሲኒማ ትኬት ሻጭና ክሬዲት ካርማ የተባለውን የገንዘብ አገልግሎት ኩባንያ በአፕሊኬሽናቸው ውስጥ የሰርቲፊኬት ማጣሪያውን አጥፍተዋል ብሎ ከሰሳቸው። በስምምነቱ መሠረት ለ20 ዓመት በየሁለት ዓመቱ በገለልተኛ መርማሪ እንዲፈተሹ ተደርጓል። ጎግልም በበኩሉ ከ2017 መጋቢት 1 ቀን ጀምሮ ስምን በአደገኛ መንገድ የሚያመሳክሩ አዳዲስ አፕሊኬሽኖችን በሱቁ እንደማይቀበል አሳውቋል።

በእስራኤልም ሕጉ ባዶ አይደለም። በ2019 የወጣው የክፍያ አገልግሎት ሕግ፣ ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ በደንበኛው የመክፈያ መሣሪያ ቢጠቀም የደንበኛውን ተጠያቂነት ይወስናል፤ ደንበኛው ግን ነገሩን እንዳወቀ ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። በግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ላይ የተደረገው 13ኛው ማሻሻያም ከ2025 ነሐሴ 14 ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ መረጃ የሚይዙ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን የመቅጣት ሥልጣኑ ሰፍቷል። ሕግ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ባለመብቱ መብቱን ማወቁ ግን ሌላ ነው። ዕብራይስጡ ለሚከብዳቸው ወላጆቻችን የባንክ ወረቀት ሲመጣ «ስህተቱ የእናንተ ነው» የሚል አነጋገር ብቻ እንዳይደርሳቸው፣ ልጆች አብረው ሄደው ሊጠይቁላቸው ይገባል።

የቁልፉ ሥዕል ምን ይላል?

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳይቀላቀሉ እናስጠነቅቅ። እስካሁን የተናገርነው ትክክለኛ የባንክ አፕሊኬሽን ተጭኖ ሳለ በመንገድ ላይ ስለሚገባ ሌባ ነው። በዶአር እስራኤል ወይም በክቪሽ 6 ስም «ዕዳ አለብህ፣ እዚህ ተጫን» እያለ በመልእክት የሚመጣው ማታለያ ግን ሌላ ነው። እዚያ ስሙ ይመሳከራል፤ ግን ስሙ ራሱ የሌባው ስም ነው። እኛ ከሌባው ጋር ልንገናኝ ጠየቅን፣ ስልኩም ከሌባው ጋር በትክክል አገናኘን። በብራውዘሩ ላይ የምትታየው የቁልፍ ሥዕል እዚያም ትታያለች።

ለዚህ ነው ጎግል በ2023 መስከረም ወር በክሮም ብራውዘሩ ላይ ያለውን የቁልፍ ሥዕል በሌላ ምልክት የተካው። ሰዎች ቁልፉን «ይህ ቦታ የታመነ ነው» ብለው ይተረጉሙት ነበር። ቁልፉ የሚለው ግን «መንገዱ ተቆልፏል፣ ስሙም ከተጻፈው ጋር አንድ ነው» ብቻ ነው። የስሙ ባለቤት ታማኝ ሰው ይሁን አይሁን አይናገርም።

በቤታችን ምን ማድረግ እንችላለን?

የሠሪው ዕዳ ለሠሪው ቢሆንም፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ እኛም ልናደርጋቸው የምንችላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

1. አፕሊኬሽኖችንና ስልኩን ማደስ። ከላይ የጠቀስናቸው የባንክ ጉድለቶች የታረሙት በአዲስ እትም ነው። ያላደሰ ሰው አሮጌውን ቀዳዳ ይዞ ይቆያል። ልጆች የወላጆቻቸውን ስልክ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ቢመለከቱላቸው መልካም ነው።

2. አፕሊኬሽን ከስልኩ መደበኛ ሱቅ ብቻ መጫን። በመልእክት ወይም በዋትስአፕ «አዲሱን የባንክ አፕሊኬሽን ጫኑ» የሚል አድራሻ ቢመጣ አለመንካት።

3. ለባንክና ለክፍያ በታሐና መርካዚት ወይም በካፌ ያለውን የሕዝብ ዋይፋይ አለመጠቀም። በዚያን ጊዜ የስልኩን የራሱን ኢንተርኔት መጠቀም ይሻላል። መንገዱን ለሌባ ማጥበብ ማለት ይህ ነው።

4. ብራውዘሩ ሙሉ ገጽ ይዞ «ይህ ግንኙነት የግል አይደለም» ወይም «ስሙ አይመሳሰልም» ብሎ ሲያስጠነቅቅ «ቀጥል» የሚለውን አለመጫን። ብራውዘሩ ሥራውን ሠርቶ ነው የሚያስጠነቅቀው። ለወላጆቻችንም «ቀይ ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ዝጉትና ጥሩን» ማለት በቂ ነው።

5. የሂሳብ ዝርዝርን በየጊዜው ማየት። ያልታወቀ ወጪ ከታየ ሳይውል ሳያድር ለባንኩ ወይም ለካርድ ኩባንያው መንገር፣ የነገሩበትንም ቀን ጽፎ መያዝ።

6. ጥርጣሬ ካለ በ119 መደወል። ይህ የእስራኤል ብሔራዊ የሳይበር መሥሪያ ቤት የስልክ መስመር ሲሆን፣ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ነው።

ለወጣቶቻችን አንድ ቃል

ከማህበረሰባችን የወጡ ብዙ ወጣቶች ዛሬ በሃይ ቴክ ሥራ ላይ ናቸው። እንደ ቴክ ካሪየር ያሉ ድርጅቶችም ወጣቶቻችንን ለዚህ ሙያ ያሠለጥናሉ። ለእነርሱ ይህ ጉዳይ የዜና ብቻ ሳይሆን የሥራ ጉዳይ ነው። ነገ አንድ የሥራ አለቃ «ሰርቲፊኬቱ እያስቸገረን ነው፣ ለጊዜው አጥፉት» ሲል በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው የእኛ ልጅ ሊሆን ይችላል። ለሙከራ የጠፋ ማጣሪያ መልሶ መብራቱን ማረጋገጥ፣ ለፈተናም ትክክለኛ ሰጪ ያለው ግን ስሙ የተለየ ሰርቲፊኬት ማቅረብ፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በወዲያኛው ጫፍ ስልኩን የያዙት ግን ወላጆቻችንን የመሰሉ ሰዎች ናቸው።

ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መስኮቱን ዘግተው ወደ ስልክ ሲልኩን፣ አብረው የወሰዱት ኃላፊነት አለ። ቀድሞ ፕኪዳዋ ፊታችንን አይታ፣ እኛም ፊቷን አይተን እንተማመን ነበር። ዛሬ ያን ሥራ የተረከበው ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ኮዱ ስም ማመሳከሩን ማን እንደመረመረ፣ መቼስ እንደተመረመረ ለመጠየቅ የኮምፒዩተር ምሁር መሆን አያስፈልግም። ደንበኛ መሆን ይበቃል። የማህበረሰባችን ድርጅቶችም ከባንኮችና ከመሥሪያ ቤቶች ጋር በሚገናኙበት ጊዜ ይህን ጥያቄ ቢያነሱ፣ በአማርኛም መልስ እንዲሰጥበት ቢጠይቁ፣ ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይበልጥ ይጠቅማል።

ቸር ይግጠመን።